ሐኪም ያዘዘውም መድኃኒት ፈቃድ ይፈልጋል

አንድ ሯጭ አስሙ ተነሥቶበት ሐኪም ቤት ሄደ እንበል። ሐኪሙ የፕሬድኒሶሎን እንክብል አዘዘለት። ማዘዣው ሕጋዊ ነው፤ እንክብሉ ግን በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። በሽንት ናሙናው ከተገኘበት «ሐኪም አዞልኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድነውም።

የሚያድነው የሕክምና አጠቃቀም ፈቃድ የሚባለው ወረቀት ነው። ቅጹን አትሌቱና ሐኪሙ ይሞሉታል፤ የበሽታው ታሪክ፣ የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒቱ መጠንና አወሳሰድ በዝርዝር ይጻፋል። ማዘዣ ብቻ ማያያዝ አይበቃም። ገምጋሚዎቹ ያልተከለከለ ሌላ መድኃኒት ለምን እንደማይሆን ማየት ይፈልጋሉ፤ ተገቢም ነው።

በውድድር ወቅት ብቻ ለተከለከለ መድኃኒት ማመልከቻው ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን በፊት መግባት አለበት። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን ሕይወት ይቀድማል፤ ፈቃዱን ከሕክምናው በኋላ መጠየቅ ይቻላል። አገር ውስጥ የሚወዳደር ለኢትዮጵያ ፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ የደረሰ ደግሞ ለዓለም አትሌቲክስ ያመለክታል።

ለአስም በአፍ የሚነፋው ሳልቡታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 1,600 ማይክሮግራም ያለ ፈቃድ ይወሰዳል፤ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ግን ከ600 ማለፍ የለበትም። አንዴ ሲነፋ 100 ማይክሮግራም ለሚሰጥ መንፊያ ይህ ስድስት ጊዜ መንፋት ነው። የሳልቡታሞል እንክብል ግን ሁልጊዜም የተከለከለ ነው።

አትሌቶቻችን፣ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ከሁሉ አስቀድማችሁ «የአበረታች ቅመሞች ምርመራ የሚደረግልኝ አትሌት ነኝ» በሉ። ፈቃድ ካላችሁም የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ እዩ።