አንድ ስልክ ከአክሮን

እሷ፦ ዛሬ ስለ አንድ ፊልም እናውራ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ስለተሠራው «ማይ ኔም ኢዝ ቢል ደብሊው»።

እሱ፦ መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ እንዴት እንደተጀመረ የሚያሳየው። ጄምስ ዉድስ ቢል ዊልሰንን፣ ጄምስ ጋርነር ዶክተር ቦብን ሆነው ሠርተዋል።

እሷ፦ ሜይ 1935፣ አክሮን፣ ኦሃዮ። ቢል መጠጥ ትቷል፤ ሥራው ግን ከሽፏል፤ ያረፈበት ሆቴል መጠጥ ቤትም ቅርቡ ነው።

እሱ፦ ስልክ አነሳ። የሚያናግረው ሌላ ጠጪ ፈለገ።

እሷ፦ በማግስቱ ያ ጠጪ፣ ዶክተር ቦብ፣ ለ15 ደቂቃ ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ቆየ።

እሱ፦ ቆይ፣ ሁለት ሰው ተቀምጦ ማውራቱ ምኑ ድራማ ይሆናል?

እሷ፦ ድራማው እኮ እዚያው ነው! ቢል አልመከረውም፤ የራሱን ውድቀት ነገረው።

እሱ፦ እኔን የያዘኝ ግን ጁን 10 ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ሊያደርግ ነው፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ቢል ራሱ ቢራ ሰጠው። የመጨረሻው መጠጡ ሆነ፤ ማኅበሩም ልደቱን ከዚያ ቀን ይቆጥራል።

እሷ፦ የቢል ሚስት ሎይስስ? እሷ ሠርታ ነው ቤቱን ያቆመችው።

እሱ፦ እውነትሽን ነው። የእሷ ፊልም በ2010 ነው የመጣው፣ በዊኖና ራይደር። በጣም ዘገየ።

እሷ፦ አሁን እዚህ ጅቡቲ፣ ፒኬ 12 የጭነት መኪና ማቆሚያ ላይ የቆሙትን የኛን ሾፌሮች አስብ። ሙቀቱ፣ ወረፋው፣ ከልጅ ከሚስት መራቁ... አንዱ ለሌላው «እኔም እንዳንተ ነበርኩ» ቢለው?

እሱ፦ ሁሉም በሚተዋወቅበት ሰፈር? ይሉኝታው ይከብዳል።

እሷ፦ ዶክተር ቦብም ከተማው የሚያውቀው ሐኪም ነበር። እኔ ይህን ታሪክ በአማርኛ፣ በኛ ተዋንያን ማየት እፈልጋለሁ።

እሱ፦ በዚህስ ተስማምተናል፤ ሚስትየዋ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ካለችበት።