ፊት ለፊት ያለው ቤት ስንት ይርቃል?

(የፊዚክስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



 ስለ ከዋክብት ወይም ስለ አቶም ኀይል ይናገራሉ ብላችሁ ጠብቃችሁን እንደ ሆነ አስቀድመን ይቅርታ እንለምናለን። የምንናገረው ከሲኤምሲ ዋና መንገድ ማዶ ስላለች አንዲት ቤትና ከዚያች ቤት ወደ ትምህርት ቤታችን በር ስለሚያመጣው መንገድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክበባችን አባሎች የአንዷ ቤት ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት፥ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ ይገኛል። በሩ ላይ ቆመን ስንመለከት የቤታቸው ቆርቆሮ ይታየናል፤ እናቷ ልብስ ሲያሰጡም እናያለን። ይሁን እንጂ ባለፈው መንፈቀ ዓመት በዘገዩ ተማሪዎች መዝገብ ላይ ከሁሉ ይልቅ የተደጋገመው የእርስዋ ስም ነበር። በስሟም አንጻር «ቤቷ ፊት ለፊት ነው፤ ምክንያት የላትም» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር። ከአያትና ከዚያም ወዲያ የሚመጡት ተማሪዎች በሰዓቱ ሲደርሱ ጎረቤቲቱ መዘግየቷ ለሁላችንም መሳቂያ ሆነ። እኛም አብረን ስቀናል፤ ይህን ስንናገር እናፍራለን።

አንድ ቀን ጧት ይህችው ጓደኛችን መሳቂያ መሆኑ ቢመራት የሐዲዱን አጥር ልትዘል ወጣች። የከተማችን ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለ ሆነ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው ሳይሰማው ይደርሳል። በመንገዱ ያልፉ የነበሩ አንዲት እናት ጮኸው ባያስቆሟት ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ማሰብ አንወድም። ያን ዕለት የፊዚክስ መምህራችን የጀመሩትን ትምህርት ትተው፥ «ሜትር ይዛችሁ ውጡና ለክታችሁ ንገሩኝ» አሉን።

ወጥተንም ለካን። ከበር እስከ በር፥ አሞራ እንደሚበርር ቢታሰብ፥ 60 ሜትር ነው። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ሐዲድ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታልና ሰው የሚሻገረው በተፈቀደው ስፍራ ብቻ ነው። ስለዚህ ጓደኛችን ከቤቷ ወጥታ ወደ ምሥራቅ 420 ሜትር ትሄዳለች፤ ከዚያ 60 ሜትር ወደ ደቡብ ትሻገራለች፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ 420 ሜትር ተመልሳ በራችን ትደርሳለች። ድምሩ 900 ሜትር ሆነ። ማቋረጫው ላይ መኪናውና ባቡሩ እስኪያልፍ መቆሙ ተጨምሮ 15 ደቂቃ ፈጀብን።

አሁን ሁለት ጓደኞቻችን ወደ መድረኩ መጥተው ይህን ሲባጎ እንዲይዙልን እንለምናለን። ርዝመቱ 9 ሜትር ነው፤ አንዱ ሜትር የመንገዱን 100 ሜትር ይወክላል። አንደኛው ጫፉን ይዞ እዚህ ይቁም፤ እኛ ሲባጎውን 4 ሜትር ከ20 ወደዚያ ወስደን፥ 60 ሳንቲ ሜትር አጥፈን፥ 4 ሜትር ከ20 እንመልሰዋለን። ተመልከቱ! ሁለቱ ጓደኞቻችን እጅ ለእጅ ሊጨባበጡ ይችላሉ። ሲባጎው ሁሉ አልቋል፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ግን 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሲባጎው ርዝመት የተሄደው ርቀት ነው። ከመጀመሪያው ጫፍ ወደ መጨረሻው ጫፍ በቀጥታ የሚሳለው ቀስት ደግሞ የቦታ ለውጥ ይባላል፤ መጽሐፋችን ዲስፕሌስመንት የሚለው ይህንኑ ነው። ቀስት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሲባጎውን በርዝመቱ ብቻ መናገር ይበቃል፤ ቀስቱ ግን 60 ሜትር ከተባለ በኋላ «ወደ የት?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። መልሱም «ወደ ደቡብ» ነው። መጠንና አቅጣጫ አንድነት ሲኖሩት ቬክተር ይባላል። ወደ ምሥራቅ የተሄደው 420 እና ወደ ምዕራብ የተመለሰው 420 እንደ ርቀት ሲደመሩ 840 ይሆናሉ፤ እንደ ቬክተር ሲደመሩ ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የሚተርፈው ማቋረጫው ብቻ ነው።

በዚህ ላይ በክበባችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሶቻችን የልኩን መነሻ የትምህርት ቤቱን በር አደረግን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ በበራችን ወገን ያለውን የማቋረጫውን ጫፍ መረጥን። በፊተኞቹ ልክ በሩ ዜሮ ላይ ነው፤ ቤቷም ከበሩ 60 ሜትር ወደ ሰሜን ነው። በኋለኞቹ ልክ ግን በሩ 420 ሜትር ወደ ምዕራብ ሆነ፤ ቤቷም 420 ወደ ምዕራብና 60 ወደ ሰሜን። አንዱ ወገን ሌላውን «ተሳስተሃል» ይል ጀመር። የተሳሳተ ግን አልነበረም። የአንድ ነገር ቦታ ከአንድ መነሻ ካልሆነ በቀር ሊነገር አይችልም፤ መነሻው ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል። ሁለታችንም ከቤቷ ወደ በሩ ያለውን ለውጥ ስናሰላ ያው 60 ሜትር ወደ ደቡብ ሆኖ ስናገኘው ክርክሩ በሳቅ አለቀ።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ነገር በየቀኑ ሳያስተውለው ይናገረዋል። አራት ኪሎ፥ አምስት ኪሎ፥ ስድስት ኪሎ እንላለን፤ ከየት ተነሥቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ሆነ ግን ስሙ አይናገርም። አንድ እንግዳ «ስድስት ኪሎ» የሚለውን ስም ብቻ ይዞ ቢመጣ መነሻውን ቢነግሩት እንኳ አቅጣጫውን ካልነገሩት በስድስት ኪሎ ሜትር ክብ ላይ ሲዞር ይውላል!

አሁን ወደ ፍጥነት እንለፍ። ጓደኛችን 900 ሜትሩን በ15 ደቂቃ፥ ማለት በ900 ሴኮንድ ስለምትሄደው አማካይ ፍጥነቷ በሴኮንድ 1 ሜትር ነው። ለሚቆም ለሚጠብቅ እግረኛ የሚያሳፍር አይደለም። አማካይ ቬሎሲቲ ግን የቦታ ለውጡ ለጊዜው ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ 60 ሜትር ለ900 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 7 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፥ አቅጣጫውም ወደ ደቡብ የሆነ። ይህ የሕፃን ዳዴ አይደለምን? በመዝገቡ ላይ «ፊት ለፊት» ብሎ የጻፈው ሰው ሳያውቀው የፈረደባት በዚህ በሁለተኛው ቁጥር ነው። ዐይኑ ያየው ቀስቱን ነበር፤ እግሯ የሄደው ግን ሲባጎውን ነው።

እኛም ራሳችን ከዚህ ስሕተት የራቅን አልነበርንም። በፈተና ላይ ይህን የመሰለ ጥያቄ መጥቶብን ነበር። አንድ ሰው ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ በታክሲ ሄደ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲሄድ 30 ደቂቃ፥ ሲመለስ 20 ደቂቃ ፈጀበት። አማካይ ቬሎሲቲው ስንት ነው? ሲሄድ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ፥ ሲመለስ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ መሆኑን ሁላችንም አገኘን። ከዚያ በኋላ ግን አቅጣጫውን ረስተው ሁለቱን ደምረው ለሁለት በማካፈል 12 ተኩል የጻፉ ብዙዎች ነበሩ። ትንሽ ያስተዋሉት ደግሞ 15 ላይ 10 ቀንሰው፥ ለሁለት አካፍለው፥ 2 ተኩል ወደ ምሥራቅ አሉ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ከ50 ደቂቃ በኋላ የሚገኘው ከቤቱ 2 ኪሎ ሜትር አልፎ በአያት በኩል ነበር፤ እራቱም ቤቱ ውስጥ በቀዘቀዘ! ሰውዬው ግን ቤቱ ገብቷል፤ የቦታ ለውጡ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ አማካይ ቬሎሲቲውም ዜሮ ነው። አማካይ ፍጥነቱም 12 ተኩል አይደለም፤ 10 ኪሎ ሜትር በ50 ደቂቃ፥ ማለት በሰዓት 12 ነው። በዝግታ የሄደበት ጊዜ ስለ ረዘመ በአማካዩ ላይ የበለጠ ይከብዳል።

ዜሮ ማለት አልተንቀሳቀሰም ማለት አለመሆኑን ለሚጠራጠር ሰው ከአበበ ቢቂላ የተሻለ ምስክር አናውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ አበበ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ሩጫው የተጀመረው ከካምፒዶልዮ ኮረብታ፥ ያበቃውም ከቆንስጠንጢኖስ ቅስት አጠገብ ነው። እነዚህ ሁለት ስፍራዎች ቀጥታ ቢለኩ በመካከላቸው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ የአበበ አማካይ ቬሎሲቲ በሴኮንድ 13 ሳንቲ ሜትር እንኳ አልደረሰም! ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደግሞ ከስታዲየሙ ወጥቶ፥ ሄዶ ተመልሶ፥ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ስለ ጨረሰ ቁጥሩ ወደ ዜሮ የቀረበ ነው። ዓለም የጨበጨበለት ለሲባጎው ርዝመት ነው፤ ለቀስቱ አይደለም።

ታዲያ መንገዱን ሁሉ የሚረሳ ቁጥር ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኛም ጠይቀናል። መልሱን ያገኘነው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የቦሌ መንደርደሪያ በአንዱ ጫፍ 07፥ በሌላው ጫፍ 25 የሚል ቁጥር አለው። እነዚህ ቁጥሮች ተራ ቁጥሮች አይደሉም። 07 ማለት ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 70 ዲግሪ ያህል የዞረ አቅጣጫ ነው፤ 25 ደግሞ 250 ዲግሪ ያህል ነው። በሁለቱ መካከል 180 አለ፤ ማለት ፍጹም ተቃራኒ ናቸው። አስፋልቱ አንድ ነው፤ የሁለት አውሮፕላኖች ፍጥነትም አንድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንዱ በ07፥ አንዱ በ25 ቢነሡ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የት እንዳሉ ለመናገር ፍጥነታቸውን ማወቅ ፈጽሞ አይበቃም። የነበሩበትን ቦታ፥ ቬሎሲቲያቸውንና ያለፈውን ጊዜ የያዘ ግን የሚገኙበትን ያሰላል። ርቀት ስለ ደከመው እግርና ስላለቀው ነዳጅ ይነግረናል፤ ቬክተሩ ሰውዬው አሁን የት እንዳለ ይነግረናል። አንዱን በሌላው ስፍራ ያስቀመጠ ሰው ወይ አውሮፕላኑን ያጣዋል፥ ወይም እንደ እኛ በጓደኛው ይስቃል።

ስለ መዝገቡ የሆነውን ለመናገር ያህል፥ ልካችንን በአንድ ገጽ ጽፈን ለትምህርት ቤታችን አቀረብን። «ፊት ለፊት» የሚለው ቃል ተሰርዞ «የሚሄዱት መንገድ፥ 900 ሜትር» ተብሎ ተጻፈ። ጓደኛችንም ከቤቷ የምትነሣበትን ሰዓት በሩብ ሰዓት አስቀደመች፤ አጥሩንም ዳግመኛ አልቀረበችውም። ከእኛ ጋራ የሳቁት የበሩ ዘበኛም ዛሬ የዘገየ ተማሪ ሲመጣ አስቀድመው «በየት በኩል መጣህ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ሲባጎው በላቦራቶሪው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። የራሱን መንገድ ለመለካት የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ በእረፍት ሰዓት መጥቶ ሊወስደው ይችላል፤ ሲመልስ ግን እንዳይቋጥርብን አደራ እንላለን።