ስለ ራዲዮ ጣቢያዎች የጥሪ ምልክት የተደረገ ንግግር



በገበያ መካከል ስም ሳይጠራ «ና!» ብሎ የሚጮኽ ሰው ብዙዎችን ዘወር ያሰኛል እንጂ የፈለገውን አያገኝም። በራዲዮም እንደዚሁ ነው። አየሩ ለሁሉ የጋራ ስለሆነ የሚናገረው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በጥሪ ምልክቱ ነው፤ ይኸውም ከላቲን ፊደልና ከቁጥር ተውጣጥቶ ለጣቢያው የሚሰጥ ስም ነው።

ቀድሞ ይህን ስም የሚያወጡት ኩባንያዎች ነበሩ። የማርኮኒ ኩባንያ ለጣቢያዎቹ «ኤም» በሚለው ፊደል የሚጀምር ምልክት ይሰጥ ነበር። በ1912 እ.ኤ.አ. ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም ርዳታ የጠራችው «ኤም ጂ ዋይ» በሚል ምልክቷ ነው፤ ምልክቷ «ኤም ፒ ኤ» የሆነው ካርፓቲያ ጥሪውን ሰምታ ደርሳ ከ700 የሚበልጡ ሰዎችን አተረፈች። በዚያው ዓመት መንግሥታት በሎንዶን ተሰብስበው የራዲዮቴሌግራፍ ውል ተፈራረሙ፤ ከዚያም ወዲህ የምልክቶቹ መነሻ ፊደላት ለየመንግሥታቱ ተከፋፈሉ።

ዛሬ ይህን የሚያከፋፍለው መቀመጫው በጄኔቭ የሆነው ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ለኢትዮጵያ ከ«ኢ ቲ ኤ» እስከ «ኢ ቲ ዜድ» ያለው ተሰጥቷታል፤ ለሱዳን «ኤስ ቲ»፣ ለኬንያ «5 ዜድ»፣ ለኤርትራ «ኢ 3» ደርሷቸዋል። ከድርሻው ላይ ለየጣቢያው የሚያድለው ደግሞ እያንዳንዱ መንግሥት ነው። ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ይሰማ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ምልክቱ «ኢ ቲ ኤል ኤፍ» ነበር። በአውሮፕላኖቻችን ጎን የሚነበበው «ኢ ቲ»ም የመጣው ከዚሁ ድርሻ ነው።

የኅብረቱ የራዲዮ ደንብ በሐሰተኛ ወይም በሚያሳስት ምልክት ማሰራጨትን ይከለክላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አንድ ጣቢያ የአውሮፕላንን ወይም የመርከብን ግንኙነት ቢያውክ፣ ምልክቱ ከታወቀ ባለቤቱና ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ይጠየቃሉ። ስሙን የደበቀ ግን ጉዳት አድርሶ ተጠያቂው ሳይታወቅ ይቀራል፤ እስኪገኝም ድረስ አደጋ ላይ ያለው ሰው ጥሪ በጩኸቱ ሊዋጥ ይችላል።

በኢትዮጵያ የራዲዮ ሞገድን የሚቈጣጠረው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንግዲህ ማሰራጫ ራዲዮ ለመሥሪያ ቤቱም ሆነ ለራሱ ሊያቆም የሚያስብ ሁሉ፣ መሣሪያውን ከመግዛቱ አስቀድሞ ፈቃዱን ይጠይቅ። የጥሪ ምልክት የክብር ጌጥ አይደለም፤ «የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ ብትጠይቁኝም እመልሳለሁ» የሚል ቃል ኪዳን ነው።