ደረሰኝ የሌለው ውኃ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል ስንነሣ ቁጥር እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ቁጥሩ አለ፤ የምንጀምረው ግን ከአበባ ነው። አምና «የቡጌንቪሊያ ችግኝ አፍልተን እንሽጥ» ስንል አንዲት እናታችን ተነሥተው «ልጆቼ፣ ውኃ በጀርባችን የምናመጣው ለአበባ ነው እንዴ?» አሉን። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ጋይንትና ስማዳ የ1977ቱን ድርቅ ያየ፣ ብዙ ቤተሰብም በሴፍቲኔት የታቀፈበት አገር ነው። ስለዚህ መልሱን በመዝገብ ይዘን ቀርበናል።

ቡጌንቪሊያ በባሕር ዳር በየአጥሩ ላይ ሐምራዊ፣ ቀይና ነጭ ሆኖ የምታዩት እሾሃም ሐረግ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ ነው። ደማቁ ቀለም የአበባው ሳይሆን አበባውን የከበበው ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መካከል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው የመርከብ አዛዥ ከቡጋንቪል ነው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. በእሱ ጉዞ ላይ ዕፀዋት ይሰበስብ የነበረው ሊቅ ረዳት ዣን ባሬ የምትባል ሴት ነበረች። ሴት በመርከቡ መሳፈር ስለማይፈቀድላት የወንድ ልብስ ለብሳ ሄደች፤ ዓለምን በመዞርም የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ ትታወቃለች። ሐረጉ ግን በአዛዡ ስም ተጠራ።

ወደ ራሳችን እንመለስ። መጀመሪያ 40 ቁራጭ ተከልን። ጥማት ይችላል ቢሉንም አላመንንም፤ ጠዋትና ማታ አጠጣን። 27ቱ ሥራቸው በስብሶ ሞተ። የፕላስቲኩ ዋጋ ከደጋፊዎቻችን የመጣ ገንዘብ ነውና በኪሳራ መዝግበነዋል፤ አልደበቅነውም። በየቀኑ የተሸከምነውን ጀሪካን ግን የት እንመዝግበው? የሴት ድካም ደረሰኝ የለውም።

በሁለተኛው ዙር እንዲህ አደረግን። እርሳስ የሚያህል የበሰለ ቅርንጫፍ በአንድ ስንዝር ቆርጠን ቅጠሉን አራገፍን። አሸዋ በበዛበት አፈር ተክለን ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ያጠጣነው አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ያውም ዕቃ ባለቀለቅንበት ውኃ። ከ40ው 31ዱ ያዙ። ስናዛውረው ሥሩ ቶሎ ስለሚበጠስ ፕላስቲኩን በጥንቃቄ ቀደድን እንጂ ችግኙን አልጎተትንም። የተከልነው ክረምት ሲገባ፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በሚያገኘው ቦታ ነው። ውኃና ፍግ ሲበዛበት ቅጠል ብቻ እንደሚሆን፣ ጠማ ሲለው እንደሚያብብ በዓይናችን አየን።

አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር። ይህ ሐረግ ውርጭ አይወድም። ከጉና በሚወርደው ብርድ ለነፋስ መውጫና ለአካባቢው አንመክረውም። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ዝቅ ባለው የስማዳ ቆላ፣ እንዲሁም በእስቴ ሞቃት ቀበሌዎች ይሆናል። እሾሁም ፍየል ከጓሮ አትክልት ይከለክላል፤ ቅርንጫፍ ቆርጦ አጥር ከማጠር ያድነናል። ስትገርዙት ግን እጃችሁን ጠብቁ።

አሁን ቁጥሩ። ከያዙት 31 ችግኞች 18ቱ ተሸጠዋል፤ ገቢው የመጀመሪያውን ኪሳራ ገና አልሸፈነም። በርበሬንና ሽንኩርትን ይተካል ብለን አንዋሽም። ከዚህ ወር ጀምሮ ግን በመዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ ጨምረናል፦ «ጀሪካን፣ ተሸካሚዋ፣ የፈጀው ሰዓት» ይላል። ለማንኛውም አዲስ ሥራ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት ይህ ዓምድ ይሞላል።

እናታችን፣ ጥያቄዎ ይህን አስተማረን። ሐረጉ ከምናስበው ያነሰ ውኃ ነበር የሚፈልገው፤ ያበዛነው እኛው ነን። ደጋፊዎቻችንም ሪፖርታችንን ስታነቡ ከብሩ ዓምድ ቀጥሎ ያለችውን ይህችን ዓምድ እንድታዩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።