የጃቫ ስሪትና የጤና ሪፖርት

አቅራቢት፦ ዲኤችአይኤስ 2 ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ፣ ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የጤና መረጃ ሶፍትዌር ነው። ልማቱን የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ይመራል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ይጠቀምበታል፤ ከሰበታና ከሱሉልታ የሚላከው የጤና ሪፖርትም በዚሁ ያልፋል።

አቅራቢ፦ ሶፍትዌሩ ቀደም ሲል የሚሠራው በጃቫ 8 ነበር። ከስሪት 2.35 ጀምሮ ጃቫ 11ም ተፈቀደ፤ በ2.38 ጃቫ 8 ቀረ፤ 2.41 ደግሞ ጃቫ 17ን ግዴታ አደረገ። አሮጌውና አዲሱ አብረው የተፈቀዱበት ጊዜ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የሰርቨር ባለሙያው ሥራ ሳያቋርጥ አዲሱን ይሞክራል።

አቅራቢት፦ አሮጌው የሚተወው በምክንያት ነው። እያንዳንዱ ለውጥ በሚደገፈው ስሪት ሁሉ ላይ መፈተሽ አለበት፤ የፈታሾች ጊዜ ደግሞ ውስን ነው። ሶፍትዌሩ የተደገፈባቸው ላይብረሪዎችም ወደፊት ይሄዳሉ፤ ወደ ኋላ የቀረ የደህንነት ማስተካከያ ያመልጠዋል። በሌላው የፕሮግራም ቋንቋ በፓይተንም አሮጌው ተትቷል፤ የፓይተን 2 ድጋፍ ያበቃው በ2020 እ.ኤ.አ. መባቻ፣ ተተኪው ከወጣ ከ11 ዓመታት በኋላ ነው።

አቅራቢ፦ የስሪት ለውጡ ጫና በሰበታ ባለች መረጃ አስገቢ ላይ አይወድቅም፤ የምትሠራው በብራውዘር ነው። ሸክሙ የሰርቨሩ ጠባቂዎች ነው፤ ለአገር ውስጥ ፍላጎት የተጨመረው ሁሉ እንደገና ይፈተሻል። ለዚህ ሰውና በጀት አስቀድሞ ሊመደብ፣ ማሻሻያውም ሪፖርት ከሚላክባቸው ቀናት ውጭ ሊደረግ ይገባል።