መምሰልና መቆጠር
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች የቆመ ኅብረተሰብ እንዴት አንድ ሆኖ ይኖራል? ይህ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የእስራኤል ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። የሚሰጡት መልሶችም በጠቅላላው ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ መጤው የቀድሞ ቋንቋውንና ልማዱን ትቶ የተቀበለውን ሕዝብ ይምሰል የሚል ነው፤ ይህን ውሕደት እንበለው። ሁለተኛው፣ ሁሉም የየራሱን ባህል እንደ ያዘ በአንድ ሕግ ሥር ይኑር የሚል ነው፤ ይህንንም ብዝኃነት እንበለው። እኔ ዛሬ ጥያቄውን ከዚሁ ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ አንሥቼ ለመመርመር እወዳለሁ። ከተማ የምንቀይስ፣ ግድብ የምንሠራና መንገድ የምናወጣ ሰዎች ነንና ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ አይደለም።

ባሕር ዳር ራሷ ከሌላ ስፍራ በመጡ ሰዎች ጉልበት ያደገች ከተማ ናት። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረችው አነስተኛ መንደር በፍጥነት መስፋፋት የጀመረችው፣ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ሲጀምር፣ በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ሲከፈት፣ በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ኃይል መስጠት ሲጀምር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ጊዜ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ150 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና የመንግሥት ሠራተኛው ከልዩ ልዩ ቦታ መጥተው፣ ተጋብተውና ወልደው የከተማዋ ሰዎች ሆነዋል። «አገርህ የት ነው?» ቢሉት «ገና አላገባሁም» አለ የሚለው ተረት ለእነርሱ እውነት ሆኗል። በዚህ ብቻ ብንመለከተው ውሕደት ያለ ብዙ ችግር የተሳካ ይመስላል።

ነገር ግን ከፋብሪካውም፣ ከከተማው ፕላንም በፊት በዚህ ዳርቻ ይኖር የነበረ ሌላ ሕዝብ አለ፤ ይኸውም ነገደ ወይጦ ነው። ጉማሬ እያደነ፣ ዓሣ እያጠመደ፣ ከደንገል ታንኳ እየሠራና የወፍጮ ድንጋይ እየጠረበ የኖረ ሕዝብ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ወይጦዎች ከሌሎቹ የአገሩ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ እንዳላቸው ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ የጻፈው ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ኦይገን ሚትዎክ ግን ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች እንደ ሆኑ ገልጿል። እንግዲህ በመቶ አርባ ዓመት ገደማ ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ መዝገበ ቃላቱን የሚጽፍለት ሰው ሳያገኝ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያም ወዲህ የጉማሬው አደን ቀርቷል። ሃይማኖታቸውም በአገሩ የኖረው እስልምና ነው።

የውሕደት ሐሳብ ደጋፊዎች «ምሰሉ፤ ትቆጠራላችሁ» ይላሉ። ወይጦ በቋንቋ ጎረቤቱን መስሏል፤ የቀድሞ መተዳደሪያውንም ትቷል። ተቆጥሯልን? የጉማሬ ሥጋ በልተዋል ተብለው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ከመብላትና ከመጋባት ሲርቅ ኖሯል። አብዛኞቹ የእርሻ መሬት የላቸውም፤ ከተማዋም ወደ ሐይቁ ዳርቻ በሰፋች ቁጥር መንደሮቻቸው ጠበዋል። ተረቱ አገር በጋብቻ ይገኛል ካለ፣ ለማንም የማይዳረው ሰው ተወልዶ ባደገበት ዳርቻ ላይ እንኳ አገር የለውም ማለት ይሆናል። ቋንቋውን የሰጠ ሕዝብ በምትኩ ያገኘው ነገር ምን እንደ ሆነ ልንጠይቅ ይገባናል።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም ታሪካቸው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እነርሱም አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ሳለ፣ ብዙዎቹ ርስት ተነፍገው በሸክላና በብረት ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ «ቡዳ» የሚል ስምም ወጥቶላቸዋል። ከዚያም በ1984ና በ1985፣ በኋላም በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ተጭነው በስደተኞች ወደ ተመሠረተችው አገር ወደ እስራኤል ሄዱ። በዚያ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች የዕብራይስጥ ስም ወጣላቸው። የሃይማኖት ባለሥልጣኖች አይሁድነታቸውን በሥርዐት እንዲያረጋግጡ ስለ ጠየቋቸው እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። አገሪቱ የስግድ በዓላቸውን ብሔራዊ በዓል አድርጋ በሕግ የተቀበለችው በ2008 ነው። በአገራቸው በመምሰላቸው ያላገኙትን ክብር፣ በሄዱበትም በመምሰል ብቻ አላገኙትም፤ ያገኙትን ያህል ያገኙት ጠይቀውና ተሟግተው ነው።

ሰፋ አድርገን ብንመለከት፣ በአሜሪካ የእስራኤል ዛንግዊል ቴያትር እ.ኤ.አ. በ1908 ከታየ ወዲህ፣ አገሪቱ የሰውን ዘር ሁሉ የምታቀልጥ ድስት ናት የሚለው አነጋገር የተለመደ ሆነ። ካናዳ በበኩሏ በ1971 ብዝኃ ባህልን የመንግሥት መመሪያ አድርጋ አወጀች፤ በ1988ም ሕግ አወጣችበት። ጉዳዩ እኛንም ይነካል። የዋሽንግተን ከተማ ምክር ቤት በ2004 ባወጣው ሕግ ምክንያት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው ማስተናገድ አለባቸው። ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ በዚያ የሚያድጉ የወንድሞቻችንና የእኅቶቻችን ልጆች አማርኛ እንዳይረሱም እንመኛለን። ምኞቱ ተገቢ ነው። ለራሳችን በሰው አገር የምንመኘውን በራሳችን ደጅ ለሌላው ስለ መፍቀዳችን ግን ራሳችንን መመርመር አለብን።

ብዝኃነት አገር ይከፋፍላል ብለው የሚሰጉ ባልደረቦች አሉ። ስጋቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት በአገራችን «መጤ ነህ» እየተባለ ከኖረበት የተፈናቀለ ብዙ ሰው አለ። የስጋቱ መፍትሔ ግን ሰውን አንድ ዓይነት ማድረግ አይመስለኝም። ከጣና በስተ ደቡብ ምዕራብ የአገው አዊ ሕዝብ የራሱ አስተዳደር አለው፤ ልጆቹም በቋንቋቸው ይማራሉ፤ ከጎረቤቱ ጋር መገበያየቱና መጋባቱም አልተቋረጠም። በሌላ በኩል ደግሞ ብዝኃነት ለጌጥ ብቻ ሲሆን ዋጋ የለውም። የወይጦ ታንኳ በፖስት ካርድና በሆቴል ግድግዳ ላይ ሲታይ፣ ታንኳውን የሚሠራው ሰው ቤት የሚሠራበት ቦታ ካጣ፣ ያ የሥዕል ስብስብ እንጂ ብዝኃነት ሊባል አይችልም። ሁለቱም መንገዶች የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ እርሱም ሰውየው ከመሬቱ፣ ከውሃው፣ ከሥራውና ከማዕዱ ድርሻ አለውን? የሚለው ነው።

ይህን ሚዛን ወደ ሙያችን እናምጣው። የዓባይን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1996 ተሠርቶ በ2001 የበሮቹ ቁጥር ሰባት ደርሷል። በ2003 ዝናብ በማነሱና ለኃይል ማመንጫው ብዙ ውሃ በመለቀቁ ሐይቁ እጅግ ሲወርድ፣ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋረጠ፤ የደንገሉም ቦታ ተራቆተ። የመርከቡን ኪሳራ ማስላት ቀላል ነው። ለእኛ ረግረግ የሚመስለን የደንገል ቦታ ግን ለታንኳ ሠሪው ወርክሾፑ፣ ለቅርጫት ሠሪዋም የጥሬ ዕቃ መጋዘኗ ነው። ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ሐይቁን ሲወር ጉዳቱ የበለጠ ከብዷል።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በሐይቁ ዳርቻ ፕላን በምናወጣበት ጊዜ የደንገሉን ቦታና ወደ ውሃው የሚያደርሰውን መንገድ እንደ ሥራ ቦታ ቆጥረን በካርታው ላይ እናስፍር። ሁለተኛ፣ ሰው ከሰፈሩ የሚነሣበት ሥራ ሲኖር፣ የይዞታ ወረቀት ያለውን ብቻ ሳይሆን ለትውልድ የኖረበትንም በካሳው መዝገብ እንድናስገባ ለአሠሪዎቻችን በጽሑፍ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ከወይጦ መንደር የሚወጡ ወጣቶችን በየሥራ ቦታችን በሙያ ሠልጣኝነት እንቀበል፤ አብሮ የሠራ ሰው አብሮ ለመብላት አይቸገርምና።

ወይጦ የጠፋውን ቋንቋውን ማንም ሊመልስለት አይችልም። የቀረውን ሕዝብ እንደ ባለ አገር መቁጠር ግን በእኛ ትውልድ እጅ ያለ ሥራ ነው፤ ከፊሉም የሚሠራው በእኛው የሥዕል ጠረጴዛ ላይ ነው።