ሕመሙና ነውሩ
(በቅሬያችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኙት እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ አእምሮ ሕመም ነው። ስለ ሕመሙ ራሱ ግን ብዙ አልልም፤ እሱን ሐኪም ይናገረው። እኔ የማነሣው ከሕመሙ ጋር አብሮ ወደ ሰውየው ልብ ስለሚገባው ነውር ነው።

ሰፈር «እብድ» ሲል ሁላችንም እንሰማለን፤ ልጅ ድንጋይ ሲወረውርም እናያለን። ይኸኛው በውጭ ያለ ነውና ተቆጪ አያጣም። የማይታየው ግን ታማሚው ራሱ የሰፈሩን ቃል ተቀብሎ «እውነታቸውን ነው፤ እኔ ከሰው አልቆጠርም» ሲል ነው። ይኸን ማን ይቆጣለታል? ይኸ ሰው እኮ ከመታመሙ በፊት እንደ እኛው ነበር። ስለ እብድ የሚወራውን ቀልድ አብሮን ሲስቅ ያደገ ነው። ሕመሙ ሲይዘው ያ ሁሉ ሳቅ ወደ ራሱ ይዞራል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰዳቢ አያስፈልገውም።

ነገሩ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በነበረው በአዲስ አበባው አማኑኤል፣ ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ሕመም ያለባቸው 212 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ጥናቱ የታተመው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ከ100ው ወደ 47ቱ ይኸ የውስጥ ነውር መካከለኛ ወይም ከባድ ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። ከከተማ ይልቅ በገጠር ነዋሪው ላይ ይበረታል። መድኃኒታቸውን ካቋረጡትም ግማሽ ያህሉ ያቋረጥነው ሰው ይንቀናል ብለን ነው ብለዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መድኃኒቱ ስላልሠራ አይደለም፣ ገንዘብ ስላጡም ብቻ አይደለም። ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ ለሕክምና ሲወጡ መኪና ላይ የሚያውቃቸው ሰው «ወዴት ነው?» እንዳይላቸው ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ያገረሻል፤ ሲያገረሽ ጎረቤት «ብያችሁ ነበር፣ ይኸ ነገር አይድንም» ይላል፤ ታማሚውም ይኸን ሰምቶ ያምነዋል። የቀረውን እናንተ ቁጠሩት።

ቤተሰብም አያመልጥም። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው የቡታጅራ ጥናት፣ ከታማሚ ዘመዶች ከ100ው 37ቱ ሕመሙን ከሰው መደበቅ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። አልፈርድባቸውም፤ የምትዳር ልጅ በቤት ያለች እናት ምን ታድርግ? ነገር ግን በጓዳ የተደበቀ ሰው መደበቁን ያውቃል፤ ለምን እንደተደበቀም ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ጠበሉ ወይም ወዳጃው ይቅር ያልኩ እንዳይመስላችሁ። የሚጸልይም ዱዓ የሚያደርግም ያድርግ፤ መድኃኒቱን ግን አያስጥል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ «በኃጢአቱ ነው» የሚለውን እንተው። ወባ ለያዘው እንዲህ እንላለን እንዴ?

ደግሞ የጦርነቱን ጊዜ አትርሱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን ካለፈው በኋላ ሌሊት እንቅልፍ የሌለው፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ስንት ሰው አለ። ሐኪም ዘንድ ሂድ ሲሉት «እኔ አላበድኩም» ይላል። ልክ ነው፣ አላበደም። ግን ቃሉን ስለሚፈራ ሊታከም የሚችለውን ነገር ይዞ ይቀመጣል።

ታዲያ ቅሬያችን ምን አገባው? ያገባዋል። ከለቅሶና ከስብሰባ ተደጋግሞ የቀረ አባል እንቀጣለን፤ ቅጣቱን ካልከፈለም እንሰርዘዋለን። በወገብ ሕመም የተኛውን ግን «ታሟል» ብለን እናልፈዋለን፣ እንጠይቀዋለንም። ሰው ፊት መቆም አቅቶት ቤቱ የተቀመጠውን ግን ምን ብለን መዘገብነው? «ኮራ»፣ «ናቀን» ብለን አይደለም? ስሙን ስንሰርዘው፣ እሱ በልቡ ቀድሞ የፈረደውን ፍርድ በማኅተም አጸናንለት ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የአእምሮ ሕመም እንደ ማንኛውም ሕመም በመቅሪያ ምክንያትነት ይመዝገብ፤ የሕመሙ ዓይነት በጉባኤ አይነበብ፣ ለዳኛው ብቻ ይነገር። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለውን አባል የሚጠይቁ ሁለት ሰዎች ይመደቡ፤ ሲሄዱም ለምክር ሳይሆን ለቡና ይሂዱ። ሲሻለው ደግሞ ሥራ ይሰጠው፤ ድንኳን መትከልም ሆነ ወንበር መቁጠር፣ የሚችለው አይጠፋም።

የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ይናገር። ጸሐፊያችን በአጀንዳ ይያዝልኝ።